ለይላን ማን ጠየቃት?

(በሬዲዮ የቀረበ ዝግጅት)



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሶ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። ውድ አድማጮቻችን፣ የዛሬው ዝግጅታችን መነሻ አንድ ደብዳቤ ነው። የጻፉልን ወረታ የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው። ስማቸው እንዳይነሳ ስለጠየቁን አናነሳውም።

እኒህ እናት የሩዝ ነጋዴ ናቸው። ከፎገራ ገበሬ ሩዝ ገዝተው፣ ወፍጮ ቤት አስፈልፍለው፣ ለጎንደርና ለባሕር ዳር መንገደኛ ይሸጣሉ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅ አለቻቸው። ልጅቱ በሞባይል ስልክ ያየችውን አንድ ሥዕል ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳ በቀለም አሳተመችና ከመኝታዋ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው።

እናት ሥዕሉን እንዲህ ብለው ይገልጹልናል። ሁለት ሰዎች ባዶ ሜዳ ላይ አሉ። አንዱ ወደ ሌላው እጁን ዘርግቷል። ግንበኞች ሲሚንቶ የሚገፉበት ዓይነት የእጅ ጋሪ ከሰው ገላ ላይ በቅሏል። ራስ መሆን በሚገባው ቦታ ደግሞ ደርቆ ጥጥ የመሰለ፣ ነፋስ ሲነካው የሚበተን የሜዳ አበባ ተቀምጧል። አባት ሥዕሉን ባዩት ጊዜ «ይህ የጤና አይደለም» ብለው ሊቀዱት ተነሱ። እናት ግን «ቆይ፣ መጀመሪያ ልጠይቃት» ብለው አስቆሟቸው። ልጅቱም «እማ፣ የፍቅር ታሪክ ነው» አለችና ዝም አለች።

እናታችን የጠየቁን ሁለት ነገር ነው። ይህ ሥዕል ምንድን ነው? አንዲት ልጅ እንዲህ ያለ አስቀያሚ ነገር ለምን ትወዳለች? በደብዳቤው የመጨረሻ መስመር ላይ ግን «ከዚህ ጋር ባይገናኝም» ብለው አንድ ነገር ጨምረዋል። ሩዙ ታጭዶ እንደገባ ከአንድ የደህና ሰው ቤት ለልጅቱ ሽማግሌ ሊላክ ነው። አባትም ነገሩን ጠልተውት አይደለም።

ውድ አድማጮች፣ እኛ ግን ይገናኛል ብለን እንገምታለን። ለምን እንደሆነ ቀስ ብለን እናያለን። የሰውን ምስል ግድግዳ ላይ ስለመስቀል ዑለሞች ያሉትን ከመስጊዳችሁ ኢማም ጠይቃችሁ እንድትረዱ ትተንላችሁ፣ ወደ ሥዕሉ እንግባ። የምንጠቅሳቸው ዓመታት «ዓ.ም» ካላልን በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሥዕሉን ማን ሣለው?

ሥዕሉ የስፔናዊው ሠዓሊ የሳልቫዶር ዳሊ ነው። ዳሊ በ1904 ፊጌሬስ በምትባል የካታሎኒያ ከተማ ተወለደ፤ በ1989 እዚያው ሞተ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1940፣ ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ ሄዶ እስከ 1948 ቆይቷል። በ1944 መጨረሻ ላይ ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ «እብዱ ትሪስታን» የተባለ የባሌት ትርኢት ቀረበ። ሙዚቃው የጀርመናዊው የሪቻርድ ዋግነር ነበር። ዳንሱን ያቀናበረው ሊዮኒድ ማሲን ሲሆን፣ የትርኢቱን ሐሳብ ያመነጨውና የመድረኩን ሥዕል የሠራው ዳሊ ነው።

ልጅቱ ያሳተመችው ሥዕል መነሻው ያ የመድረክ መጋረጃ ነው። መጋረጃው ዘጠኝ ሜትር በአሥራ አምስት ሜትር ይሆናል። በወረታ ልክ ብንናገር፣ አንድ ትልቅ የሩዝ መጋዘን ፊት ለፊቱን ሊሸፍን የሚችል ጨርቅ ነው። ትርኢቱ ካለፈ በኋላ ለብዙ ዓመታት መጋዘን ውስጥ ተጠቅልሎ ተረሳ። በኋላ ተገኝቶ በ2013 የስዊዘርላንዱ ዳንኤሌ ፊንዚ ፓስካ ባዘጋጀው «ላ ቬሪታ» በተባለ ትርኢት እንደገና በሕዝብ ፊት ተዘረጋ።

ለመሆኑ ሰው ሠዓሊ ሆኖ ሳለ ጋሪን ከሰው ገላ ጋር የሚያጣብቀው ለምንድን ነው?

ሱሪያሊዝም ምንድን ነው?

ሁላችንም ሕልም እናያለን። በሕልም ውስጥ ከዓመታት በፊት የሞተ አባታችን በር ከፍቶ ይገባል፤ ቡና ይጠጣል፤ እኛም አንደነግጥም። ቤታችን የራሳችን ሆኖ ሳለ በሩ የሌላ ሰው በር ይሆናል። ስንነቃ ነገሩ ትርጉም የለውም እንላለን። ግን ልባችን ሲመታ እናገኘዋለን። ሕልሙ ቅርጹ የተዛባ ቢሆንም ፍርሃቱ ወይም ናፍቆቱ እውነተኛ ነበር ማለት ነው።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፓሪስ ውስጥ የተሰባሰቡ ጸሐፊዎችና ሠዓሊዎች ይህን የሕልም መንገድ የጥበባቸው መንገድ አደረጉት። ፈረንሳዊው ገጣሚ አንድሬ ብሬቶን በ1924 መግለጫቸውን ጽፎ አወጣ። እንቅስቃሴውም «ሱሪያሊዝም» ተባለ፤ ከሚታየው እውነታ አልፎ ያለ እንደማለት ነው። ዳሊ በ1929 ተቀላቀላቸው። እንግዲህ የሱሪያሊስት ሥዕል ስናይ «ይህ ነገር በዓለም ላይ አለ ወይ?» ብለን አንጠይቅም። የምንጠይቀው «ይህን ሕልም ያየ ሰው ምን ፈርቶ ነበር?» ብለን ነው።

ይህ የአሣሣል መንገድ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። በ1937 አዲስ አበባ የተወለደው ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን ለትምህርት ወደ ለንደን፣ ከዚያም ወደ ፓሪስ ሄዶ እስከ 1966 ድረስ ኖሯል። እዚያም የሱሪያሊስቶችን ሥራ በቅርብ ተመልክቶ ከአፍሪካና ከኢትዮጵያ ምልክቶች ጋር አዋሐደው። በ1964 የሣለው «የጁጁ ሠርግ» ዛሬ ኒውዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። እስክንድር ወደ አገሩ ተመልሶ በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተምሯል። ከዚያም ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አስተምሮ በ2003 አረፈ። ስለዚህ የወረታዋ ልጅ እንዲህ ያለ ሥዕል ብትወድ ከአገሯ ሰው የራቀ ነገር አላደረገችም።

አሁን ወደ ጋሪው እንመለስ። ዳሊ አንድ ፈረንሳዊ ሠዓሊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሣለው ሥዕል ዕድሜ ልኩን ሲያብሰለስለው ኖሯል። ሠዓሊው ሚሌ ይባላል። በሥዕሉ ላይ አንድ ገበሬና አንዲት ሴት ድንች ሲያወጡ ውለው፣ ምሽት ላይ ለጸሎት አንገታቸውን ደፍተው ይታያሉ። ከጎናቸው ጆንያ የጫነች የእጅ ጋሪ ቆማለች። ሚሌ ያሳየው የደከመና አብሮ የሚኖር ጥንድ ነው። ዳሊ ግን በዚያ ጸጥታ ውስጥ ፍርሃት አየ፤ ስለዚህም ነገር መጽሐፍ ጽፏል። ያቺ ጋሪ «እብዱ ትሪስታን» ላይ ስትመጣ ከሰዎቹ ጎን አልቆመችም፤ ገላ ውስጥ ገብታለች። እኛ እንዲህ እናነበዋለን፦ አብረው የሚኖሩ ሰዎች ሸክማቸውን ጋሪ ላይ ጭነው ተጋግዘው ይገፉታል። አብረው መኖር የተከለከሉ ሰዎች ግን ሸክሙ ራሱ ገላቸው ይሆናል።

ትሪስታንና ኢዞልዴ እነማን ናቸው?

ታሪኩ አፈ ታሪክ ነው። ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በአውሮፓ ተጽፎ ይገኛል። ትሪስታን የኮርንዎል ንጉሥ የማርክ የእህት ልጅ ነው። ንጉሡ ኢዞልዴ የምትባለውን የአየርላንድ ልዕልት ሊያገባ ፈለገና ሙሽራይቱን እንዲያመጣ ትሪስታንን ላከው። የልጅቱ እናት ለሠርጉ ሌሊት የሚሆን የፍቅር መጠጥ አዘጋጅታ ነበር። ሙሽራይቱና ንጉሡ ጠጥተው እንዲዋደዱ ነው። መርከብ ላይ ትሪስታንና ኢዞልዴ ሳያውቁ ጠጡት። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ መሸሽ፣ መደበቅና መዋሸት ነው። እሷ የንጉሥ ሚስት ሆነች፤ እሱ ተሰደደ።

ትሪስታን በስደት አገር ስሟ ኢዞልዴ የሆነ ሌላ ሴት አገባ። በመጨረሻም በተመረዘ መሣሪያ ቆሰለና የመጀመሪያዋን ኢዞልዴ አስጠራት። መልእክተኛው ይዟት ከመጣ መርከቡ ነጭ ሸራ እንዲሰቅል፣ ካልመጣች ጥቁር እንዲሰቅል ተስማሙ። መርከቡ ነጭ ሸራ ሰቅሎ መጣ። ሚስቲቱ ግን በቅናት «ጥቁር ነው» አለችው። በዚያው ሞተ። ኢዞልዴም ደርሳ ሬሳውን አይታ ከጎኑ ሞተች።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። ሰዎች ይህን ታሪክ ከስምንት መቶ ዓመት በላይ «የታላቅ ፍቅር ታሪክ» ሲሉት ኖረዋል። እስቲ ከመጀመሪያው እንመልከተው። ኢዞልዴን «ይህን ሽማግሌ ንጉሥ ታገቢያለሽ ወይ?» ብሎ የጠየቃት ማን ነው? ማንም። እናትየዋም ቢሆን ልጅዋን አልጠየቀችም፤ ያዘጋጀችው መጠጥ ነው። መጠጡ የተፈለገው ፈቃድ ስላልነበረ ነው። በቤሩል በተጻፈው ጥንታዊ ግጥም ደግሞ የመጠጡ ኃይል ሦስት ዓመት ብቻ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላስ ምን ይደረጋል? ያንን ያሰበበት የለም።

የምሥራቁ እብድ

የትርኢቱ ስም «እብዱ ትሪስታን» የሆነው በምክንያት ነው። በጥንታዊው ታሪክ ትሪስታን ኢዞልዴን ለማየት ሲል እብድ መስሎ ወደ ቤተ መንግሥት ይገባል። እዚህ ላይ አድማጮቻችን አንድ ሌላ እብድ ሳታስታውሱ አትቀሩም። እሱም የለይላ መጅኑን ነው። «መጅኑን» ማለት ያበደ ማለት ነው።

ቀይስ ኢብኑ ሙለውወሕ የበኑ ዐሚር ጎሣ ሰው እንደነበረና በመጀመሪያው የሂጅራ ክፍለ ዘመን እንደኖረ ይነገራል። ከጥንት የዐረብ ጸሐፊዎች መካከል «እንዲህ የሚባል ሰው በእውን አልነበረም» ያሉም አሉ። ታሪኩ ግን ከዐረብ በረሃ ተነስቶ ፋርስ፣ ቱርክና ሕንድ ገብቷል። በዛሬዋ አዘርባጃን የጋንጃ ሰው የነበረው ገጣሚ ኒዛሚ በ1188 ረጅም ግጥም አድርጎ ጽፎታል። ቀይስና ለይላ በልጅነት ተዋወቁ፤ ተዋደዱ። ቀይስ ስሟን በግጥም እያነሳ በአደባባይ አዜመ። በዚያ ዘመን የዐረብ ልማድ ስሟ በግጥም የተነሳ ልጃገረድ ለገጣሚው አትሰጥም ነበር፤ ለቤተሰቡ ነውር ነውና። አባቷ ከለከሉት። እሷን ለሌላ ዳሯት። ቀይስም ወደ በረሃ ወጥቶ ከአራዊት ጋር ኖረ። የቀይስ አባት ልጃቸው እንዲድን ዱዓ ያደርግ ዘንድ ወደ ከዕባ ወሰዱት። እሱ ግን ፍቅሩ እንዲጨምርለት ለመነ። ሁለቱም ሳይገናኙ ሞቱ።

ጥፋቱ የማን ነው? ቀይስ የሴት ልጅን ስም በየአደባባዩ ማንሳቱ በደል ነበር። ሊያገባት የፈለገ ሰው የአባቷን በር ማንኳኳት ሲገባው ከነፋስ ጋር አወራ። የለይላ አባትም ክብራቸውን ጠበቁ፤ ልጃቸውን ግን አልጠበቁም። በሁለቱ መካከል ለይላ አለች። ሁሉም ስለ እሷ ይናገራል። ለይላን ማን ጠየቃት?

ሁለት ሥዕሎች

ዳሊ ከመወለዱ ከሦስት መቶ ስልሳ ዓመት በፊት አንድ ሙስሊም ሠዓሊ ይህንኑ ጉዳይ ሥሎት ነበር። ስሙ ሚር ሰይድ ዐሊ ነው። በ1539 እና በ1543 መካከል ለሳፋቪዱ ንጉሥ ለሻህ ጠህማስብ በተዘጋጀው የኒዛሚ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ሥዕል ዛሬ ለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በሥዕሉ ላይ አንዲት አሮጊት መጅኑንን በሰንሰለት አስራ ወደ ለይላ ድንኳን ታመጣዋለች። ለይላ ድንኳኗ ውስጥ ናት። በዙሪያቸው ግን መንደሩ ሥራ ላይ ነው። ሴቶች ጓዳቸውን ይሠራሉ። እረኛው ከመንጋው ጋር ነው። ልጆች እብዱን በድንጋይ ይወግራሉ።

አሁን ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን እናስቀምጥ። በዳሊ ሥዕል ውስጥ ሁለት ሰዎችና ባዶ ሜዳ ብቻ አለ። አባት የለም፤ እናት የለችም፤ ጎረቤት የለም። በሚር ሰይድ ዐሊ ሥዕል ውስጥ ደግሞ መንደሩ በሙሉ አለ፤ ነገር ግን አንድም ሰው ቀና ብሎ «ይህ ልጅ ምን ሆነ?» አይልም። ከሁለቱ የትኛው የከፋ ነው? ለእኛ ሁለቱ አንድ ነገር ይናገራሉ። ሰው በመንደር መካከል ሆኖ ማንም ካልጠየቀው፣ በዓይኑ የሚታየው ያ ባዶ ሜዳ ነው። መንደርተኛው ሚር ሰይድ ዐሊ የሣለውን ያያል፤ ልጁ ግን ዳሊ የሣለውን ያያል።

ከዓባይ ማዶ

ይህ የሩቅ አገር ሰዎች ችግር ነው የሚል ካለ፣ ከፎገራ ሜዳ ተነስቶ ባሕር ዳር ላይ የዓባይን ድልድይ ይሻገር። ጎጃም ይገባል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪኩ የጎጃም ነው። በ1958 ዓ.ም ታተመ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ያላዳመጠ ቤት ጥቂት ነው። እናቶቻችንና አባቶቻችን ሃይማኖት ሳይለያቸው በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን አልቅሰውላቸዋል።

ያለቀስነው ግን ለምን ነበር? በዛብህ ገና በልጅነቱ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት ልጅ ነው። ለዓለማዊ ትዳር እንዳይሆን የተወሰነበት እሱ ሳይጠየቅ ነው። የሰብለ ወላጆች ደግሞ የመጣውን ሁሉ በዘር እየለኩ «አይመጥነንም» ሲሉ የልጃቸው ዕድሜ ሄደ። እሷም አልተጠየቀችም። መጨረሻው መቃብር ነው። ከአየርላንድ እስከ ነጅድ፣ ከነጅድ እስከ ጎጃም ሃይማኖቱ፣ ቋንቋውና ዘመኑ ሲለያይ ይህች አንዲት ነገር አልተለወጠችም፦ ሳይጠየቁ የተወሰነባቸው ልጆች።

የመዲናው ባል

ውድ አድማጮች፣ አሁን አፈ ታሪኩን ትተን ወደ ተረጋገጠ ዘገባ እንምጣ። በሪራ የምትባል ባሪያ ነበረች። ባሏ ሙጊስ ይባላል፤ እሱም ባሪያ ነበር። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) በሪራን ነፃ ባወጣቻት ጊዜ፣ በትዳሯ ለመቆየትም ሆነ ለመለየት ምርጫ ተሰጣት። መለየትን መረጠች። ሙጊስ ግን ይወዳት ነበር። በመዲና ጎዳና ከኋላዋ እየተከተለ ሲያለቅስ እንባው በጺሙ ላይ ይወርድ እንደነበር ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል። ዘገባው በቡኻሪ ውስጥ ይገኛል።

ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) ይህን አይተው አላለፉም። አልሳቁበትም፤ ድንጋይም አላስወረወሩበትም። የሙጊስ መውደድና የበሪራ መጥላት እንዴት እንደሚያስገርም ለአጎታቸው ለዐባስ ነገሯቸው። ከዚያም ራሳቸው ለበሪራ ብትመለሺለት ምን ይመስልሻል የሚል ሐሳብ አቀረቡላት። በሪራም ይህ ትእዛዝ እንደሆነ ጠየቀች። ትእዛዝ እንዳልሆነና ሽምግልና ብቻ እንደሆነ ገለጹላት። እሷም እንደማትፈልገው ተናገረች። ነገሩ በዚያ አበቃ።

ሱብሐነላህ! በዚያች ከተማ ከነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) የበለጠ ቃሉ የሚከበር ሰው አልነበረም። ጠያቂው እሳቸው ሆነው፣ ተጠያቂዋ ትናንት ባሪያ የነበረች ሴት ሆና፣ «አይሆንም» አለች፤ ቃሏም ተከበረ። የሙጊስ እንባ እውነተኛ ነበር። ይሁን እንጂ እንባው በእሷ ላይ መብት አልሰጠውም። እዚህ ታሪክ ውስጥ ማንም አልሞተም። ያዘነ ሰው አለ፤ ሐዘኑም ታይቶለታል። ነፃ የወጣች ሴት አለች፤ ቃሏም ተሰምቷል። ልዩነቱ የመጣው በመካከላቸው የሚጠይቅ ሰው በመኖሩ ነው።

ድንግሊቱ ልጅም ፈቃዷ ሳይጠየቅ እንዳትዳር ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። ልጃገረድ ታፍራለች ተብሎ ሲነገራቸው ዝምታዋ ፈቃዷ እንደሚሆን ገልጸዋል። ብዙ አባቶች ይህችን የመጨረሻዋን ብቻ ይዘው «ልጄ ዝም ብላለች፤ ስለዚህ ተስማምታለች» ይላሉ። ልብ እንበል! ያ ዝምታ ከጥያቄ በኋላ የመጣ ዝምታ ነው። ሳይጠየቅ ዝም ያለ ሰው ፈቀደ አይባልም፤ አልተጠየቀም ነው የሚባለው። ተጠይቃም ዝም ስትል በዝምታዋ ውስጥ እንባና ሐዘን ካለ አስተዋይ አባት ያውቀዋል።

ለወረታዋ እናታችን

እንግዲህ ወደ እርስዎ እንመለስ። ልጅዎ «የፍቅር ታሪክ ነው» ብላ ዝም ብላለች። የፍቅር ታሪክ ነው ማለቷ ልቧ ውስጥ ሌላ ሰው አለ ማለት እንደሆነ አድርገው አይውሰዱት። ምናልባት ማንም የለም። ምናልባት 12ኛ ክፍልን መጨረስ ብቻ ነው የምትፈልገው። ምናልባትም ሽማግሌ የሚልከውን ልጅ አትጠላውም፤ ነገር ግን ስለ እሷ ሲወራ እሷ ክፍሏ ውስጥ ሆና በግድግዳ ነው የምትሰማው። እኛ አናውቅም። እርስዎም ገና አያውቁም። የምታውቀው እሷ ናት።

ስለዚህ ሥዕሉ ይውረድ አይውረድ የሚለውን ለጊዜው ያቆዩት። ሌሎቹ ሲተኙ ወይም ሩዝ አብራችሁ ስትለቅሙ፣ እጅ ሥራ ይዞ ሳለ ልብ ስለሚከፈት፣ እንዲህ ብለው ይጠይቋት፦ «ልጄ፣ ከነዚህ ከሁለቱ የትኛው ነው የሚያሳዝንሽ?» ቀጥሎም «ሽማግሌ ሊመጣ ነው ሲባል ሰምተሻል፤ አንቺ ምን ትያለሽ?» ይበሏት። መልሷን ሳያቋርጡ ይስሙ። የመጀመሪያው ቀን ዝም ብትል አይቆጡ፤ ሌላ ቀን ይጠይቋት። ቃሏንም ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ለአባቷ ያድርሱላት። በትሪስታን ታሪክ ውስጥ ሰው የገደለችው ነጩን ሸራ ጥቁር ያለች አንዲት ቃል መሆኗን አይርሱ።

ለአባቷም አንድ ቃል አለን። ወሊይነት አማና ነው። ወሊይ ልጁን በኒካህ በር ላይ የሚጠብቅ ሰው እንጂ የልጁ ባለቤት አይደለም። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ «ልጄን ጠይቄ እመልስላችኋለሁ» ማለት ውርደት አይደለም፤ ክብር ነው። ዕድሜም ጉዳይ አለው። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ እንደ ፌዴራሉ ሕግ ሁሉ፣ 18 ዓመት ላልሞላትና ፈቃዷን ላልሰጠች ልጅ ጋብቻን አይፈቅድም። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ገና ከዚያ በታች ልትሆን ትችላለች። የደህና ሰው ቤት ከሆነ ትምህርቷን እስክትጨርስ መጠበቅ አያቅተውም።

ይህን የምትሰሙ ወጣት ወንድሞችና እህቶችም ከእነዚህ ታሪኮች ሞቱን አትመኙ። ቀይስ በረሃ ለበረሃ ከሚዞር ይልቅ ቀድሞ በሩን ቢያንኳኳ ምን ነበረበት? የወደዳችሁት ሰው ካለ በስልክ ጨለማ ውስጥ አታኑሩት፤ ለእናት፣ ለአክስት፣ ለታላቅ ወንድም ንገሩ። «አይሆንም» ከተባላችሁ ደግሞ የሙጊስን እንባ ማልቀስ ይቻላል። የሰውን ልጅ ግን ማስገደድ፣ ማስፈራራትና ስም ማጥፋት አይቻልም።

የፎገራ ሰው ይህን ያውቀዋል። ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ያለብሱታል። ትናንት በእግር የሚኬድበት ጎረቤት ዛሬ ከውሃ ማዶ ይሆናል። ክትር የሚሠራው ግን ውሃው ከመጣ በኋላ አይደለም፤ በበጋ ነው። ከልጅ ጋር መነጋገርም እንዲሁ ነው። ሽማግሌ በር ላይ ከቆመ፣ መህር ከተቆረጠ፣ ድንኳን ከተተከለ በኋላ «ለመሆኑ አንቺ ምን ትያለሽ?» ቢባል ጥያቄው ለስሙ ነው።

በዚያ ሥዕል ውስጥ የተዘረጉት እጆች አልተገናኙም። ሠዓሊው እንዳይገናኙ አድርጎ ሥሏቸዋልና እስከ መጨረሻው አይገናኙም። በእርስዎ ቤት ግን ልጅዎ ከግድግዳው ማዶ ናት፤ በሩም አልተዘጋም። ሩዙም ገና አልታጨደም። ዛሬ ማታ ይጠይቋት።

አላህ (ሱ.ወ) ቤቶቻችንን የመተዛዘንና የመደማመጥ ቤት ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።